ሰባት የተሰረዙ ደብዳቤዎች

«ወረቀትሽን ይዤብሽ ልሄድ ነበር፣ ልጄ።»

ሰውየው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ተመልሶ አራት ገጽ ዘረጋላት። እሷም በእጇ የያዘችውን አራት ገጽ ሰጠችው። ባለ ማሽኑ ቀና ብሎ አላያቸውም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቤቱ በሰው ታጭቋል፤ ወረቀት መቀያየር እዚህ የየዕለቱ ነገር ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አጎቴ» አለች።

«መነጽሬን ረስቼ ወጥቼ፣ ይኸው የሰው ጉዳይ ይዤ እብስ ልል» አለ፣ ወረፋው እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እርጅና ብቻውን አይመጣም እኮ።»

ሁለት ሰዎች ፈገግ አሉ። እሱም ፈገግ ብሎ ወጣ።

ሴትየዋ እስከ ሃያ ቆጠረች።

ከዚያ ወጣች።

የኮድ ስሟ «ሰበዝ» ነው። ሰውየውን የምታውቀው «አጎት» በሚል ስም ብቻ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ትእዛዝ የተቀበለችው ከእሱ፣ የሰማችውን ያደረሰችው ለእሱ ነው። ከእሱ በላይ ያሉትን አታውቃቸውም። እነሱም እሷን የሚያውቋት በእሱ አፍ ነው።

በሦስተኛው ገጽ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር ተጽፏል። መንገዱን እስክትሻገር በቃሏ ያዘችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ አሸችው። ጠፋ።

ሰባተኛው ነበር።

የምትሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር፤ የስፌት መኪናዎቹ የታሰሩባቸው ብሎኖች ዛሬም ከወለሉ ወጥተው ተረከዝ ያደናቅፋሉ። አርባ ሰው በአራት ረድፍ ተቀምጦ ስክሪን ላይ ያፈጣል። «አንባቢዎች» ይባላሉ። ያነባሉ፣ ያነበቡት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የሚማረው ግን ማሽን ነው፤ ዛሬ ሰው ያሰመረበትን አይቶ ነገ ያለ ሰው እንዲያሰምር።

አንባቢዎቹን የሚያግዝ ፕሮግራም አለ። «ረዳቱ» ይሉታል። ሰነድ ሲከፈት ረዳቱ ቀድሞ ቀለም ቀብቶ ይጠብቃል። የሰው ስም ቢጫ ነው፤ የቦታ ስም አረንጓዴ። ቀዩ ለ«እጅ» ነው። ይህንና ያንን ደብዳቤ የጻፈው አንድ ሰው ነው ብሎ ሲጠረጥር፣ ያስጠረጠሩትን ቃላት ቀይ ይቀባና ሁለቱን ያያይዛቸዋል። አንባቢው ወይ ይቀበላል፣ ወይ ይሰርዛል፣ ወይ ያስተካክላል።

እያንዳንዱን ሰነድ ሁለት ሰው ተራ በተራ ያነበዋል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ ወይ ይቀበላል ወይ ይሰርዛል። ሁለቱ ከተስማሙ ሰነዱ «ወርቅ» ይባላል። ወርቅ የሆነውን ማንም አይጠይቅም፤ ማሽኑ ሳያላምጥ ይውጠዋል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ዳኛው ይሄዳል። ዳኛው ጥግ ላይ ባለ የመስታወት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ከስክሪኑ ሌላ ምንም የማያይ የሚመስል ቀጭን ሰው ነው።

ለሠራተኛው የተነገረው ሰነዶቹ የአንድ አሮጌ መዝገብ ቤት ናቸው ተብሎ ነው። አይደሉም። ስም ሳይጻፍባቸው የተላኩ ሁለት ሺህ ደብዳቤዎች ናቸው፤ አቤቱታ፣ ጥቆማ፣ እርግማን። ሥራውን ያዘዘው የጸጥታ ቢሮ ነው። የሚፈልገውም ጸሐፊዎቹን በስማቸው የሚጠራለት ማሽን ነው።

ከሁለት ሺዎቹ ሰባቱን የጻፈው «ደወል» ነው።

ደወል ማን እንደሆነ አጎት እንኳ አያውቅም። ከከተማው እስር ቤት ውስጥ ሆኖ የሚጽፍ ሰው መሆኑ ብቻ ነው የሚታወቀው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጃል። አንዱን በተዘጋ ሱቅ የፖስታ ሳጥን በኩል ለአጎት፣ አንዱን ለጋዜጣ። የጋዜጣዎቹ ቅጂዎች መንገድ ላይ ተያዙ። ሰበዝ በየሳምንቱ ወረፋ የሚጠብቁ ሰነዶችን ቁጥርና የመጀመሪያ መስመር በቃሏ ይዛ ትወጣለች፤ አጎት የደወልን ለይቶ ቁጥሩን ይመልስላታል።

ትእዛዙ አጭር ነበር። «ቁጥሩ ሲደርስሽ ቀዩን ሰርዢ። ማሽኑ ደወልን እንዳያያይዘው። ካልተስማሙብሽም ዳኛው የእኛ ነው፤ ያጸድቅልሻል።»

ስድስት ጊዜ ሰረዘች። ስድስቱም ያለ ጥያቄ አለፉላት።

ሦስተኛው ላይ ብቻ እጇ ዘግይቶ ነበር።

«ክፍሉ ሁለት አልጋና አንድ መስኮት አለው» ይላል ደብዳቤው። ደወል ሁልጊዜ ይቆጥራል። «ሁለተኛው አልጋ ላይ የነበረው ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ውኃ ጠየቀ። አራት ጊዜ ጠየቀ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጠየቁን ተወ።» ቀኑ ከላይ ተጽፏል። በዚያ ቀን ከቢሮው ተደውሎ፣ የታሰረው ባልሽ በድንገተኛ ሕመም አረፈ ተብላ ነበር።

ቀዩን ሰረዘች። ቀጣዩን ሰነድ ከፈተች።

«ጭምቷ፣ ዛሬ አረፈድሽ» አለቻት ጎረቤቷ ሰበዝ ስትገባ፣ ወንበሯን በእግሯ እየገፋች።

ጎረቤቷን ቤቱ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ጠዋት ተከፍታ ማታ ነው የምትዘጋው። አንብባ አታውቅም። ሰነድ ትከፍታለች፣ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ትጫናለች፣ ወሬዋን ትቀጥላለች።

«ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ነበር።»

«ወረፋማ የትም አለ። ስሚ፣ ረጅም ደርሶኛል። ስድስት ገጽ። ይኼን አንብቤ ዓይኔ ከሚፈስ አጭር ስጪኝና ውሰጂው።»

መለዋወጥ ክልክል ነው። ግን ሁሉም ይለዋወጣል፤ ረጅሙን የጠላ ለጎረቤቱ ይልካል፣ አጭር ይቀበላል። ረዳቱም ለምዶታል፤ ሰነዱን የሰጠውን ሰው ራሱን ሁለተኛ አንባቢ አድርጎ ይመዘግባል። ሰበዝ ስምንት ወር ሙሉ የምትፈልገውን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። የደወል ደብዳቤዎች ሁሉ ረጃጅም ናቸው።

ቁጥሩን አየችው። ያው አምስት አሃዝ።

«አምጪው» አለች።

ቀዩን ሰረዘች። ሰባት።

በዚያው ቅጽበት በስክሪኗ ቀኝ ጎን አንድ ግራጫ ሳጥን ብቅ አለ። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሬዲዮ፣ የራሷን ስክሪን እየጠቆመች። ጮክ ብላ አነበበች። «‹ይህ አንባቢ ሁሉንም ይቀበላል፦ መቶ ከመቶ።› መቶ ከመቶ! ስድብ ነው ምርቃት?»

«አዲስ እትም ጭነዋል ጠዋት» አለ ከኋላ ረድፍ አንዱ። «ምን እንደምናደርግ ሳናደርገው ይነግረናል።»

«ታዲያ እሱ ካወቀ እኔ ለምን መጣሁ? ቤቴ ልተኛ አይደል?»

ረድፉ ሳቀ። ሰበዝ አልሳቀችም። አዲስ ሰነድ ተከፍቶላት ነበር፤ ቁጥሩ አጎት ከሰጣት ውስጥ የለም። ሳጥኑ ግን እንዲህ ይላል፦

«ይህ አንባቢ ቀዩን ይሰርዛል፦ ዘጠና ሰባት ከመቶ።»

እንደገና አነበበችው።

ሰነዱ ደብዳቤ አይደለም። የፈቃድ ማመልከቻ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ማመልከቻዎች ከደብዳቤዎቹ ጋር ተቀላቅለው ይገቡ ጀምረዋል፤ የፈቃድ፣ የዝውውር፣ የቅሬታ። የተፈረመባቸው። ለምን እንደገቡ ገርሟት ነበር።

«እናቴ አራት አልጋ ባለበት ክፍል፣ ከበሩ ሁለተኛው ላይ ተኝታለች» ይላል። «ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ ያያታል ቢባልም ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣም። አምስት ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ…»

ቁጥሮቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። ከግርጌ የሴት ስም አለ፣ ቢጫ። የእስር ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ መስኮት ቁጥር አራት።

ደወል።

ሰበዝ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ጭኗ ላይ አኖረችው።

ረዳቱ በሁለት ሺህ ደብዳቤ ውስጥ መቶ ዓይነት ጥርጣሬ ነበረው። የትኛው ጥርጣሬ እውነት እንደሆነ አያውቅም ነበር። እሷ ነገረችው። ማሽን ከተቀባው ብቻ አይማርም፤ ከተሰረዘውም ይማራል። አንዲት አንባቢ ሰባት ደብዳቤ ብቻ መርጣ ቀያቸውን ካጠፋች፣ ሰባቱን አንድ ያደረገችው እሷው ናት። ማሽኑ የሰባቱን እጅ ተማረ። ከዚያ የተፈረመባቸውን ወረቀቶች ሰጡት። ስምንተኛውን ራሱ አገኘው።

ቁጥሮቹን የሰጣት ደግሞ አንድ ሰው ነው።

አጎት ለቢሮው ተሸጧል፤ ቁጥሮቹን ግን በቀጥታ ቢሰጥ የራሱ አለቆች ይደርሱበት ነበር። አሁን የሰጠ ሰው የለም። የሰረዘች አንዲት ሴት ብቻ አለች፤ ሰባት ጊዜ፣ በገዛ እጇ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ።

የመስታወቱ በር ተከፈተ። ዳኛው ወጣ። በስምንት ወር ውስጥ ሲፈጥን አይታው አታውቅም።

«ሳጥኑን ለሁሉም የከፈተው ማነው?»

ቴክኒሻኑ ከጠረጴዛው ሥር ራሱን አወጣ። «አዲሱን እትም ክፈት ተባልኩ፣ ከፈትኩ።»

«ለእኔ ብቻ ነው የተባለው።»

«ለእርስዎ ብቻ የሚለውማ በወረቀቱ ላይ የለም።»

«ዝጋው።»

ሳጥኑ ጠፋ። ዳኛው ቆሞ ረድፎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ዓይኑ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዘገየ።

ሰበዝ አንገቷን ደፍታ የኪቦርዷን አቧራ ትጠርጋለች።

የመስታወቱ በር ተዘጋ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ እንደተባባሉት ሁለት ጊዜ ደውላ ከዘጋች በኋላ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ ከአጎት አጠገብ ተቀመጠች። ሁለቱም መንገዱን ያያሉ።

«አስቸኳይ ነው አልሽ።»

«ስምንተኛ መጣ።»

«ስም አለበት?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አራግፎ ሄደ። እሱ የሰጣት ሰባት ቁጥር ነው። ስምንተኛ የምን፣ ከየት መጣ፣ ማለት ነበረበት። ከደወል ደብዳቤዎች አንዱም ስም ኖሮበት አያውቅም።

«አልከፈትኩትም» አለች።

«ክፈቺና ሰርዢው። እንደ ሌሎቹ። የሰነዶቹ ጥቅል አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጨረስሽ። አሥር ሰዓት ላይ በዋናው በር ውጪ። ነጭ መኪና ይጠብቅሻል።»

«በዋናው በር?»

«በዋናው በር። ክብር ይገባሻል እኮ» አለና ጉልበቷን መታ መታ አደረገ፣ እንደ እውነተኛ አጎት። «እንዳንቺ ያለ ሰው አላገኘሁም። ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

እውነቱን ነው። ባሏ በደወል ደብዳቤ ውስጥ የሞተ ሴት ምን ብላ ትጠይቃለች? ደወልን ሸሽጊ ሲሏት ዓይኗን ጨፍና ትሸሽጋለች። የመረጣት ለዚህ ነበር። ሲገባት ስምንት ወር ዘግይቷል።

«አውቶቡሴ መጣ» አለች።

ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ስልክ ወደ ቤት ደወለች። ያነሱት አማቷ ናቸው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔ የሚባል ሰው በዝቷል።»

«ዛሬ ሴቷ ልጅዎ ዘንድ ይሂዱ። አሁኑኑ።»

«ምን ልሠራ? ያ ባሏ ሲያንኮራፋ ጣሪያው ሊነሣ ይደርሳል። ባለፈው ጊዜ ዝናብ መስሎኝ ልብስ ላስገባ ወጣሁ።»

«እማማ፣ ይሂዱ።»

አሮጊቷ ቀልድ የሚያቆሙት ሲገባቸው ነው።

«ለስንት ቀን?»

«እስክደውል።»

«እሱም እስክደውል ብሎኝ ነበር የወጣው።»

ሰበዝ የስልኩን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች። ፈታችው።

«ምሳ በልተሻል?» አሉ አሮጊቷ።

«በልቻለሁ።»

«እንግዲህ ቁልፉን ይዤው እሄዳለሁ። አንቺ የራስሽ አለሽ።»

«አለኝ፣ እማማ።»

ስልኩን መጀመሪያ የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ለደወል የምትልክበት መንገድ የላትም። መንገዱ አጎት ነው። ለአለቆቹ የምትጮኽበትም የለም፤ አፏ አጎት ነው። የቀራት ሦስት ሰዓት፣ አንድ ወንበርና አንድ ማውስ ነው።

ማመልከቻውን ብትሰርዝ ማሽኑ ልክ ነበርኩ ይላል። ዝም ብትል ረዳቱ ያያያዘው እንደተያያዘ ይቀራል። ማጥፋት አይሆንም። መተካት እንጂ። ማሽኑ አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው ሳይሰጡት አይተኛም።

ሰው ትሰጠዋለች።

እያንዳንዱ አንባቢ ሥራ የጀመረ ቀን ስለ ራሱ አንድ ገጽ ጽፏል፤ ረዳቱ እንዲለማመድበት ተብሎ። የሁሉም የሙከራ ገጽ ከነስሙና ከነፎቶው ጥቅሉ ውስጥ አለ። የእሷም አለ። ሰባቱን ደብዳቤዎች ከዚያ ገጽ ጋር በቀይ ብታያይዛቸው፣ ሁለተኛዋ አንባቢም ብትቀበል፣ ወርቅ ይሆናሉ። ወርቅ ወደ ዳኛው አይሄድም። ለምን ሰረዘቻቸው ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ ቀላል ይሆናል፦ የጻፈቻቸው እሷ ስለሆነች።

ግን የተዘጋ ሰነድ መልሶ መክፈት ዳኛው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ይጥላል። ሰባት መስመር ፀጥ ባለ ቀን ይታያል። በመዝጊያው ሰዓት ግን አርባውም አንባቢ የረሳውን ለማስተካከል ይሯሯጣል፤ መስመሩ እንደ ዝናብ ይወርዳል።

መጠበቅ ነበረባት። ሌሎች ሰነዶችን እየከፈተች ጠበቀች። ስም ቢጫ። ቦታ አረንጓዴ። ሰባት ተኩል። ስምንት። ስምንት ተኩል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳኛው ከጀርባዋ ቆመ።

«ሰባተኛውን ሰርዘሻል» አለ በዝቅታ።

«ሰርዣለሁ።»

«ሌላ የደረሰሽ የለም?»

«አንድ አለ። ወረፋዬ ላይ ነው።»

«አታሳድሪው።»

ሄደ።

ዘጠኝ ተኩል። ቤቱ መንጫጫት ጀመረ። ኪቦርዱ ሁሉ ይንጣጣል።

ከፈተች። የመጀመሪያውን ደብዳቤ። ቀይ። ከራሷ ገጽ ጋር አያያዘችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን፣ ሳታነብ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ማመልከቻውን ከደወል ደብዳቤዎች ፈትታ «የቢሮ አጻጻፍ» ከሚለው ትልቅ ክምር ጋር አሠረችው፤ አምስት መቶ ማመልከቻ ካለበት፣ ማንም ማንንም የማይመስልበት።

ስምንቱም ወደ ሬዲዮ ስክሪን ተሻገሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ።

«ደረሱሽ?» አለች ሰበዝ።

«ደርሰውኛል። ቆይ።»

ሬዲዮ ተደግፋ ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። እጇ ቁልፉ ላይ የለም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ታነባለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ሥራዬን። መቶ ከመቶ ተብዬ ዝም ልል ነው? ከዛሬ ጀምሮ አንብቤ ነው የምቀበለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ሬዲዮ፣ ሰዓት የለም።»

«ይኼ…» አለች ሬዲዮ። ቆመች። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ይኼ የአንቺ ገጽ አይደል? ፎቶሽ።»

ሰበዝ ሰዓቱን አየች።

ሬዲዮ ወደ ታች ወረደች። ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። አነበበች። ሌላውን ከፈተች። አነበበች። ስምንት ወር ሙሉ በእጇ ስታሳልፋቸው የነበሩትን ደብዳቤዎች ዛሬ ገና አየቻቸው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ወሬ የሚያልቅባት አትመስልም ነበር።

አለቀባት።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስድስት።

«አንቺ ነሽ?» አለች በሹክሹክታ።

«ተቀበዪው።»

«የሚመጣብሽ ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«እኔስ? ነገ ጠርተው ቢጠይቁኝስ?»

ሰበዝ ወንበሯን ወደ ሬዲዮ አስጠጋች።

«አላውቅም» አለች። «ከሰረዝሽው ግን ወደ ዳኛው ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ሰው ይሞታል። ሴት ናት።»

የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ዳኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ሰዓቱን ያያል።

ሬዲዮ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች።

ተቀበል።

ተቀበል።

ስምንት ጊዜ ተጫነች። ስምንቱም ወደ ወርቅ ገቡ።

«እኔ አንብቤ አላውቅም» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «አገር ያወቀው ነው። ማሽኑም መስክሮልኛል። ጭምቷ፣ ሂጂ።»

ሰበዝ ተነሣች። ሹራቧን ወንበሩ ላይ ተወችው፤ የምትመለስ እንዲመስል። የሽንት ቤቱን ኮሪደር አለፈች። ከፋብሪካው ዘመን የቀረ የዕቃ መውረጃ ደረጃ አለ፤ ቆሻሻ ወረቀት የሚወጣበት።

ደረጃው ላይ ማንም የለም።

ሁለተኛ ፎቅ።

አንደኛ።

ከላይ በር ሲከፈት ሰማች። ቆመች።

ተዘጋ።

ወጣች።

ከመንገዱ ማዶ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት የእንጨት ሥራ ቤት ጥላ ሥር ሆና ዋናውን በር አየች። ነጩ መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች ከፊት፤ አጎት ከኋላ፣ መስኮቱን ከፍቶ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከአምስት። ዳኛው አንድ ወረቀት ይዞ እየሮጠ ወጣና ከፊት ለተቀመጠው ሰጠው።

ሰውየው አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ አጎትን አንድ ነገር ጠየቀው። አጎት እጆቹን እያወናጨፈ ያስረዳል። ሰባት ደብዳቤ የጻፈችውን ሴት ስምንት ወር ሙሉ በእጁ ይዞ፣ ሰራዥ ብቻ ናት ብሎ እንዴት እንደሸጠላቸው ማስረዳት ቀላል አይደለም። በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ሌላኛው ሰው ወርዶ ከውጭ መልሶ ዘጋበት።

መኪናው ሄደ። ሰበዝ ደስታ ጠበቀች። አልመጣም። ከአጎት ጋር አብሮ የሄደው ስሟ ነው። ለቢሮው ሰዎች ደወል ናት። ለራሷ ወገኖች ደግሞ፣ ከአጎት በቀር ማንም ስለማያውቃት፣ የጠፋች ከሃዲ ናት። የምትመለስበት ቤት የለም። በቤቱ ይጠብቋት የነበሩት አማቷም ቁልፉን ይዘው ሄደዋል።

ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ደወል አላወቀችም። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ከላከች ሁሉም ነገር ከንቱ ይሆናል።

በአራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ሰበዝ የእስር ቤቱ መዝገብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ተሰለፈች። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ነበር። የሙከራ ገጹ ፎቶ፣ በትልቁ ታትሞ። ፀጉሯን አሳጥራ ጥቁር ሻሽ አስራለች። በፊት ለፊቱ በር ላይ ሁለት ፈታሾች መጥተው ሲቆሙ አይታለች፤ ስትገባ አልነበሩም።

ወረፋው የጠያቂዎች ነው። እናቶች፣ ሚስቶች፣ ሳህን የያዙ አባቶች። ሰበዝ የጠያቂ ፈቃድ ቅጽ ሞልታለች። የታሳሪ ስም በሚለው ቦታ ምንም የለም። ምክንያት በሚለው ሁለት መስመር ላይ ግን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እጅሽን ለይተውታል። ከእንግዲህ አትጻፊ። የፖስታ ሳጥኑ ተሽጧል።»

ከታች ግማሽ መስመር ተርፎ ነበር። በዚያ ግማሽ መስመር ላይ፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ የነበረው ሰው ከውኃ ሌላ የተናገረው ነገር ነበረ ወይ ብላ መጠየቅ ትችል ነበር። እስክርቢቶዋን ይዛ ብዙ ቆየች። መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ሴትየዋን እንደገና ያስጽፋታል። ግማሹን መስመር ባዶ ተወችው።

መስኮት ቁጥር አራት።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ አውራ ጣቷ በማኅተም ቀለም ሰማያዊ ሆኗል። ጥርሷን ያመማት ሰው ትመስላለች።

«ቅጽ።»

ሰበዝ ሰጠቻት።

ሴትየዋ አነበበች። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ብቻ ሰማያዊው አውራ ጣት ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጠነከረ።

«አልተሟላም» አለች።

«ምን ጎደለው?»

«መታወቂያ።»

«የለኝም።»

«መታወቂያ የሌለው ሰው እዚህ አይስተናገድም።» ቅጹን ለሁለት አጠፈችው። ለአራት። በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ገባ። «ሳይኖርሽ ለምን ሰው ታስጠብቂያለሽ?»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እውነቷን ነው» ብሎ አጉረመረመ።

«ይቅርታ» አለች ሰበዝ።

ሴትየዋ ያኔ ቀና አለች። አየቻት። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አላየችም፤ ከፊቷ ያለውን ፊት ብቻ፣ እንደምትቆጥር ሰው፣ ዝርዝሩን ሳትዘነጋ።

«ከሩቅ ነው የመጣሽው?»

«ከሩቅ።»

«እንግዲያው ስትወጪ በጓሮ በር ውጪ። ቅርብ ነው። በፊት ለፊቱ ይፈትሻሉ፣ ጊዜሽን ይበሉብሻል።»

ማኅተሟን አነሣች።

«ቀጣይ።»

ሽማግሌው በክርኑ ገፋ አድርጓት ቦታዋ ላይ ቆመ። ሰበዝ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ማንም ዞር ብሎ አላያትም። ወረፋው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።